አብሮ አደግ ጎረቤታሞች፦ ስሜት ሲለወጥ ምን እናድርግ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ያደጉ ልጆች «ወንድሜ»፣ «እኅቴ» ተባብለው ነው የሚያድጉት። አንዱ የሌላውን እናት «እማዬ» ይላል፤ ቡና ሲፈላም ጎረቤት ጥሩ ተብለው የሚላኩት እነርሱ ናቸው። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ግን ነገሩ ይለወጣል። ትናንት ስሟን እየጠራ በር ያንኳኳ የነበረ ልጅ ዛሬ ደረጃው ላይ ሲያገኛት ዓይኑን ይሰብራል። ሌላው ደግሞ ትምህርቱ ሲገፋ ወይም ሥራ ሲይዝ አብሮ አደጉን መናቅ ይጀምራል።

«እንደ እኅቴ በማያት ልጅ ላይ እንዲህ ማሰቤ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ወጣቶችን ያስጨንቃል። መለወጡ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ልጅ ሳለ እንደ ልጅ ያስብ እንደነበር፣ ጎልማሳ ሲሆን ግን የልጅነትን ጠባይ እንደ ሻረ ጽፎልናል (1ኛ ቆሮ 13፥11)። ሰው የሚጠየቀው ስሜቱን ይዞ በሚያደርገው ነገር ነው። ጎረቤታሞች ደግሞ ከሌላው ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው። ከሌላ ሰፈር ሰው ጋር የተበላሸ ነገር በመራራቅ ይበርዳል። ጎረቤት ግን በማግስቱም ይገናኛል፤ እናቶቻቸው በአንድ ዕድር ናቸው፣ በአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጣሉ። ስለዚህ የአንድ ወጣት ችኮላ የሁለት ቤት ፍቅር ያፈርሳል።

በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 የተጻፈውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አምኖንና ትዕማር የአንድ አባት የንጉሥ ዳዊት ልጆች ስለነበሩ ታሪካቸው ለጋብቻ ምሳሌ አይሆንም፤ በቅርበትና በመተማመን መካከል የገባ ስሜት እንዴት እንደሚበላሽ ግን እርምጃ በእርምጃ ያሳያል። አምኖን ስሜቱን ለአባት ወይም ለሽማግሌ አልገለጠም። የነገረው ለኢዮናዳብ ነው፤ የአጎቱ ልጅና ወዳጁ ነበር፣ መጽሐፉም «እጅግ ብልህ» ይለዋል። ኢዮናዳብ ዘዴ አስተማረው እንጂ ልቡን አልመረመረለትም። ከዚያ የሐሰት ሕመም መጣ። ትዕማር እኅትነትን አምና ምግብ ልታዘጋጅለት ቤቱ ገባች፤ እርሱም ሰዉን ሁሉ አስወጣ። እየለመነችው አልሰማትም፣ በግድ ደፈራት። ወዲያውም እርሷን የጠላበት ጥላቻ ከወደዳት ፍቅር በለጠ፤ አስወጥቶ በሩን ከኋላዋ አስዘጋባት። ከሁለት ዓመት በኋላ የትዕማር ወንድም አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው። በደሉ ሁሉ የአምኖን ነው፣ በትዕማር ላይ ምንም ነቀፋ የለም። በሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ወሬው በልጅቷ ላይ ሲጫን ማየት ስለተለመደ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ደግሞም ያ ስሜት እውነተኛ ፍቅር ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰዓት ወደ ጥላቻ ባልተገለበጠ ነበር። ያዕቆብ ለራሔል ሰባት ዓመት ተገዝቶ ጥቂት ቀን መስሎ ታየው (ዘፍ 29፥20)፤ እውነተኛ ፍቅር መቆየት ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። ለልጅቷ አንድ ቃል ከመተንፈስ በፊት ዝምድናው ይጣራ። የሥጋው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ይህን ብዙዎች ያውቃሉ። የሚረሳው የክርስትናው ነው። ጎረቤታሞች አንዳቸው የሌላውን ልጅ ክርስትና ማንሳታቸው የተለመደ ነው፤ ሴት ልጅን ሴት፣ ወንዱን ወንድ ያነሣል። የልጁ እናት የልጅቷ ክርስትና እናት ከሆነች ሁለቱ በመንፈስ እኅትና ወንድም ናቸውና መጋባት አይችሉም፤ የፍትሐ ነገሥት 24ኛው አንቀጽ ስለ ጋብቻ ሲደነግግ ይህንንም ይከለክላል። ሳይጣራ ቀርቶ ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ሲገለጥ ሐዘኑ ከባድ ነው። ስለዚህ እናትን መጠየቅ፣ የክርስትና ካርድ ካለም የክርስትና እናቱን ወይም አባቱን ስም ማየት ይገባል። ዕድሜም ይታይ፤ በአገራችን የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለሁለቱም 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ከዚያ በታች ያለ ሰው ስሜቱን ለንስሐ አባቱ ነግሮ ትምህርቱን ይማር።

የሚከለክል ነገር ከሌለ ቀጥሎ የሚሄዱት ወደ ንስሐ አባት ነው። እርሳቸው ከፈቀዱ አንድ ሙሉ ጾም በዝምታ ማሳለፍን እንመክራለን፦ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ያለውን ጾመ ነቢያት፣ ወይም 55 ቀን የሚሆነውን ዐቢይ ጾም። ይህ ምክር እንጂ ቀኖና አይደለም። በየዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይጸለያል፣ ስግደቱ አባት እንዳዘዙት ይሆናል። በእነዚህ ሳምንታት ሰላምታው እንደ ቀድሞው ይቀጥላል፤ አዲስ ነገር ግን አይጨመርም። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ በቴሌግራም መጻጻፍ፣ ምክንያት የሌለው ስጦታ፣ ወላጅ በሌለበት ቤት መግባት፣ ከመዝሙር ጥናት በኋላ ብቻ ለብቻ በጨለማ መመለስ ይቅር። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ይሄ ነው፤ ሁለቱም «ወንድምና እኅት ነን» በሚለው ስም እየተሸፈኑ ሳይነጋገሩ ይተሳሰራሉ፣ በኋላም አንዱ ቃል የተገባለት ይመስለዋል፣ ሌላው ምንም እንዳላለ ይናገራል። ሐዋርያው ጢሞቴዎስን ቆነጃጅትን እንደ እኅቶች በፍጹም ንጽሕና እንዲያይ ሲያዝዘው (1ኛ ጢሞ 5፥2) እኅትነትን መሸፈኛ እንዲያደርገው አልነበረም።

ጾሙ አልፎ ሐሳቡ ከጸና ይነገር፤ በቀን፣ ሰው በሚያይበት ቦታ፣ በአጭሩ፣ ለጋብቻ መሆኑን ገልጦ። በጓደኛ በኩል አይላክ። የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣት፤ መልሷን በየቀኑ መጠየቅ ማስጨነቅ ነው። እሺ ካለች ለሁለቱም ወላጆች በሽማግሌ ይነገራል፣ ሁለቱ ንስሐ ገብተው በተክሊል ወይም በቁርባን ለመጋባት ከአባቶች ጋር ይዘጋጃሉ።

እምቢ ካለችስ? እምቢታዋ ሙሉ መልስ ነው፤ እናቷን አማላጅ ማድረግ አይገባም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ከቡናው መቅረት ያለ ነው፣ ወራት ከሆነ ግን እናቶች ይጠያየቃሉ፣ ነገሩም የቤት ለቤት ቅያሜ ይሆናል። ስለዚህ ደረጃው ላይ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ጠያቂው ይሁን። ክፉ ቃል ከተነገረ ወይም ስሟ ለሌላ ከተወራ፣ ሥጋ ወደሙ ከመቀበሉ በፊት ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ (ማቴ 5፥23-24)፤ ያወራላቸውንም ሰዎች አግኝቶ ያወራው ልክ እንዳልነበረ ይንገራቸው። አብሮ አደጉን የናቀውም መንገዱ ይኸው ነው። ይቅርታው ተቀባይነት ባያገኝ ሰላምታውን ሳያቋርጥ ለንስሐ አባቱ ያሳውቅ፤ አባት ሁለቱን ጠርተው ያስታርቃሉ።