የታሮት የሳንቲም ወገን ምንድን ነው? “ብር ይመጣል” ማለት አይደለም

“ሳንቲም ወጥቶልሃል፤ ብር እየመጣልህ ነው።” በአማርኛ ታሮት የሚባለውን የጥንቆላ ካርድ እናነባለን የሚሉ ሰዎች ይህችን አባባል ከመደጋገማቸው የተነሳ ድሬዳዋ ውስጥ አሁን እንደ ተራ እውቀት ትነገራለች። አስ ቢወጣ ብር፣ አምስት ቢወጣ ብር፣ ስምንት ቢወጣ ብር። አንዱ አንባቢማ አራተኛውን ሳንቲም ለካሜራው ከፍ አድርጎ “ይሄ ሰውዬ ከብሯል፤ አንተም ትከብራለህ” ይላል። እስቲ ካርዱን እንየው። ሰውዬው አንድ ሳንቲም በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፏል፣ አንድ ዘውዱ ላይ ተሸክሟል፣ ሁለት ደግሞ በእግሮቹ ረግጧል። እጁን ቢዘረጋ ያቀፈው ይወድቅበታል፣ ቢነሳ የረገጠው ይቀርበታል። ከተማው በሙሉ ከኋላው ነው። ይህን “ትከብራለህ” ብሎ የሚያነብ ሰው ምስሉን አላየውም።

ታሮት 78 ካርድ መሆኑን፣ ከነዚህ 56ቱ ሳንቲም፣ ዋንጫ፣ ሰይፍና በትር በሚባሉ አራት ወገኖች 14፣ 14 ሆነው እንደሚከፈሉ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ። የሳንቲም ወገን የሚናገረው በእጅ ስለሚዳሰስ ነገር ሁሉ ነው፦ ስለ ሥራ፣ ሙያ፣ መሬት፣ ቤት፣ አካልና ጤና፣ ንብረትና ውርስ። አራቱን ወገኖች ከአራቱ ባሕርያት ጋር ያዛመዱት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ምሥጢረኞች፣ ማለትም ስውር ጥበብ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች፣ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ወርቃማው ጎሕ የሚባለው ማኅበር ባጸናው ድልድል በትር እሳት፣ ዋንጫ ውኃ፣ ሰይፍ ነፋስ፣ ሳንቲም መሬት ሆነ። መሬት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሰጠው፤ ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ ተጠብቆ። “ነገ ብር ይገባልሃል” የሚለው ንባብ ከዚህ ጋር ምንም አይገጥምም።

ገንዘብ የለበትም እያልኩ አይደለም። በድሮው የፈረንሳይ ካርድ ጥንቆላ ሳንቲም ገንዘብና ንግድን ያመለክት ነበር፤ ያ ትርጉም ዛሬም ከካርዶቹ ጋር አብሮ ይኖራል። ስህተቱ ገንዘብን ብቸኛ ትርጉም ማድረጉ፣ ከዚያም ብሶ “የሚመጣ” ገንዘብ ማድረጉ ላይ ነው። ዛሬ በብዛት የሚታየው የታሮት ካርድ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ የታተመው ነው፤ አርተር ኤድዋርድ ዌይት አስቦት ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችው። በዚህ ካርድ ከአስ እስከ አሥር ካሉት ሳንቲሞች ውስጥ ገንዘብ ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሚታየው በስድስተኛው ላይ ብቻ ነው። በቀሩት ላይ ሳንቲሙ ይቀረጻል፣ ይታቀፋል፣ ቁጥቋጦ ላይ ያፈራል፣ መስኮት ላይ ይታያል።

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ያለ ሱቅ አስቡ። ባለሱቁ ምን ያህል አለው ብሎ መሳቢያውን ከፍቶ የሚቆጥር ሰው ሒሳብ አያውቅም። መሳቢያው ውስጥ 20,000 ብር አለ እንበል። መደርደሪያው ላይ የ300,000 ብር ዕቃ አለ፣ ዱቤ ደብተሩ ላይ ያልተሰበሰበ 80,000 አለ፣ ለጅምላ አከፋፋዩ የሚከፈል 150,000 አለ፣ ወር ሲደርስ ኪራይ አለ። ትርፍና ጥሬ ገንዘብ አንድ አይደሉም፤ አትርፎም ኪራይ መክፈል የሚያቅተው ነጋዴ ሞልቷል። የሳንቲም ወገን ሱቁን በሙሉ ነው የሚያሳየው፤ የካርድ አንባቢዎቻችን መሳቢያዋን ብቻ ይዘው ይጮኻሉ።

አሱ መነሻ ካፒታል ነው። ከደመና የወጣች እጅ ሳንቲም ይዛለች፣ ከሥሯ የአትክልት ቦታ፣ መንገድና የአበባ በር አለ፤ የሚቀበል ሰው ግን በካርዱ ላይ የለም። ካፒታልን ገቢ ብሎ የመዘገበ ሒሳቡ ከመጀመሪያው ገጽ ተበላሽቷል። ሁለተኛው የኪራዩን ብር ለአከፋፋዩ፣ የአከፋፋዩን ለኪራይ የሚያዞረው ሰው ነው፤ ወጣቱ ሁለት ሳንቲም እያገላበጠ ይጨፍራል፣ ከኋላው መርከቦች ማዕበል ላይ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ኑሮው አልቆመም፣ አልተረጋጋምም። አራተኛው መሳቢያው ላይ የተቀመጠው ነው፤ ዕቃ አያስገባም፣ ዋጋ ሲንር ብሩ እዚያው ይቀልልበታል። (የጥቂት ወር ኪራይ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ግን ስስት አይደለም፤ አራተኛውን ባዩ ቁጥር “ስስታም ነህ” የሚሉትም ልክ አይደሉም። ካርዱ ይዞታን ማጽናትንም ይጨምራል።) ስድስተኛው በሚዛን ዱቤ የሚሰጠው ነው። ቆሞ የሚሰጥ አንድ፣ ተንበርክከው የሚቀበሉ ሁለት፤ ስለዚህ ካርዱ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ “የቱ ነህ?” መሆን አለበት። ሰባተኛው ተገዝቶ ያልተሸጠ ዕቃ ነው፤ ወጣቱ መሣሪያውን ተደግፎ ቁጥቋጦው ላይ ያፈሩትን ሳንቲሞች ያያል፣ ገና አልለቀመም። ያልተሸጠን ዕቃ እንደ ትርፍ አትመዘግብም። ለዚህ ካርድ የተሰጡት ትርጉሞች እጅግ እንደሚጋጩ ዌይት ራሱ ጽፏል፤ ማንም በእርግጠኝነት “ሰባት ማለት ይህ ነው” ቢላችሁ ይህን አስታውሱ። አሥረኛው ሱቁ ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ ነው፦ ሽማግሌው ከሁለት ውሾቹ ጋር ተቀምጧል፣ ከበሩ ሥር ባልና ሚስት ከነልጃቸው አሉ። የውርስ ጠብም እዚሁ ካርድ ውስጥ ይገባል፤ ንብረት በማን ስም እንደተመዘገበ ሳያጣራ አሥረኛውን “ደስታ” ብሎ የሚያልፍ አንባቢ ግማሹን ትቶታል።

አምስተኛውና ዘጠነኛው ግን ሱቅ ውስጥ አይገቡም፤ ማስገደድም ጥሩ አይደለም። ዘጠነኛው የወይን ቦታ ውስጥ ብቻዋን የቆመች ሴት ናት፤ እጇ ላይ ዓይኑ የተሸፈነ ጭልፊት፣ እግሯ አጠገብ ቀንድ አውጣ። የራስን ኑሮ በራስ ልክ መያዝ ነው። አምስተኛው ላይ ደግሞ ሁለት ድሆች በበረዶ ውስጥ ያልፋሉ፤ ሴቲቱ ባዶ እግሯን ናት፣ ሰውዬው በክራንች፣ አንገቱ ላይ ደወል። አምስቱ ሳንቲሞች የት ናቸው? ከራሳቸው በላይ፣ በብርሃን በተሞላው ባለቀለም መስኮት ላይ። ሰዎቹ አንዲት ሳንቲም የላቸውም። በር ደግሞ ምስሉ ላይ የለም። ስለዚህ ካርዱ ማጣትን፣ ሕመምን፣ ከሚረዳ ሰው አጠገብ እያለፉ እርዳታ አለማግኘትን ይናገራል። “አምስት ሳንቲም ነው፣ አምስት እጥፍ ይሆንልሃል” ብሎ ለተቸገረ ሰው መንገር ጭካኔ ነው።

“ሳንቲሙ ሲበዛ ሀብቱ ይበዛል” የሚለው ሒሳብ በካርዶቹ ታሪክም አይደገፍም። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሲወለድ ጨዋታ ነበር፤ በዚያ ጨዋታ በድሮው ሕግ በሰይፍና በበትር አሥር ከቁጥሮቹ ትልቁ ሲሆን፣ በሳንቲምና በዋንጫ ግን ተገልብጦ አንዱ ትልቅ፣ አሥሩ ትንሽ ነበር። አራቱ ወገኖች ራሳቸው ወደ አውሮፓ የገቡት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅን ይገዙ ከነበሩት ከማምሉኮች ካርድ ነው። የዚያ ካርድ ናሙና ኢስታንቡል በሚገኘው ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት አለ፤ ወገኖቹም ድርሃም (ሳንቲም)፣ ጽዋ፣ ሰይፍና የፈረስ ላይ ጨዋታ በትር ናቸው። ስለዚህ ታሮት ከግብፅ መጣ የሚለው ወሬ ትንሽ እውነት አለው፤ የመጣው ግን የካይሮ የመጫወቻ ካርድ ነው። የፈርዖኖችን ጥበብ ያስገባበት ኩር ደ ዠብላን የተባለ ፈረንሳዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1781፣ ያለ አንዳች ማስረጃ።

ስምንተኛውን ለብቻው ማየት ይገባል፤ የወገኑ ልብ እሱ ነውና። ሽርጥ የታጠቀ ወጣት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በመዶሻና በመሮ ሳንቲም ይቀርጻል። የጨረሳቸው ግንዱ ላይ ተሰቅለዋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ከተማው ሩቅ ነው፣ ገዢ አጠገቡ የለም። እዚህ ሳንቲም የሥራ ውጤት ነው። ይህ ለሐረርጌ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ሐረር በአሚሮቿ ዘመን የራሷን ሳንቲም ትመታ ነበር፣ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ብርም ይታመን የነበረው 28 ግራም ገደማ በሚመዝነው አካሉና በውስጡ ባለው ብር ነው። ስለዚህ ሥራ ፈላጊ ጠይቆ ስምንተኛው ቢወጣ ንባቡ “ትቀጠራለህ” አይደለም። “ሙያህን ለመጨረስ ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ?” ነው።

ስለ ኮከቡም ልበል። በ1909ኙ ካርድ እያንዳንዱ ሳንቲም ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አለ፤ “የሰይጣን ምልክት ነው” የሚሉ አሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት የጣሊያን ካርዶችና ማርሴይ በሚባሉት የድሮ የፈረንሳይ ካርዶች ሳንቲሙ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ አበባ መሰል ጌጥ ነበር፤ ኮከቡ የመጣው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ምሥጢረኞች ነው። አንድ ጫፉ ወደ ላይ ሲሆን የሰውን አካል፣ ራስ፣ ሁለት እጅና ሁለት እግር፣ ያመለክታል ይሉ ነበር። ካርዱ ተገልብጦ ሲወጣ ኮከቡም አብሮ ይገለበጣል፤ ወረቀት ስለዞረ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ በባንዲራችን መሃልም አለ። ጥንቆላ በሃይማኖት ተከልክሏል ለሚል ሰው ግን መልስ የለኝም፤ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ተከልክሏል፣ ያ የእምነት ጉዳይ ነው። ኮከቡን ማስረጃ አድርጎ ማቅረቡ ነው ልክ ያልሆነው።

ካርድ ዘርግታችሁ ሳንቲም ሲወጣ መጀመሪያ ሳንቲሙ የት እንዳለ እዩ፦ እጅ ላይ፣ እግር ሥር፣ ተክል ላይ ወይስ መስኮት ላይ? ቀጥሎ ሰውዬው ምን እየሠራ ነው? ከዚያ በኋላ ቁጥሩን፣ በመጨረሻ አጠገቡ ያሉትን ካርዶች። ከዘረጋችሁት ግማሹ ሳንቲም ከሆነ ጉዳዩ የሥራና የንብረት ነው፣ የፍቅር ጥያቄ ቢሆንም እንኳ፤ ብዙ ጊዜ ኪራይ ማን ይከፍላል የሚለው ነው የተደበቀው። አንድም ሳንቲም ካልወጣ “ድህነት” አትበሉ።

አራቱን ባለማዕረጎች፣ ማለትም አሽከሩን፣ ፈረሰኛውን፣ ንግሥቲቱንና ንጉሡን፣ ደግሞ ጊዜ ለመለካት አትጠቀሙባቸው። በሌሎቹ ወገኖች ፈረሰኛው ይራመዳል ወይም ይጋልባል፤ የሳንቲሙ ፈረሰኛ ብቻ ነው ጥቁር ፈረሱን የታረሰ መሬት ፊት አቁሞ ሳንቲሙን የሚያይ። “በሦስት ቀን ይደርስሃል” ተብሎ ይህ ካርድ ሲነበብ የሰማ ሰው፣ አቦ፣ የፈረሱን አራት እግሮች ይቁጠር፤ አራቱም መሬት ላይ ናቸው። በዚህ ተማምኖ ብድር የሚፈርም፣ ዕቃ በዱቤ የሚያነሳ ሰው አለ። ካርድ የባንክ ደብተር አያውቅም፤ ብድር ከመፈረማችሁ በፊት የሦስት ወር ገቢና ወጪያችሁን በወረቀት ላይ አስቀምጡ።

ይህ ሁሉ የምስል ንባብ የሚሠራው ግን ትዕይንት በተሣለበት ካርድ ላይ ነው። በማርሴይ ዓይነቱ ከአንድ እስከ አሥር ሰው የለም፤ ሳንቲሞች ብቻ ተደርድረዋል፣ ሁለተኛው ላይ በሚጠመዘዘው ጥብጣብ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአታሚው ስም ተጽፏል። እዚያ ላይ በረዶም፣ መስኮትም፣ መዶሻም ስለሌለ የ1909ኙን ታሪክ አምጥታችሁ አትለጥፉበት፤ በቁጥሩና በወገኑ ብቻ ሥሩ።