ቲኒተስ ምንድን ነው? መብራት ሲጠፋም የማይጠፋው ድምፅ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን ነው። ማታ አራት ሰዓት ገደማ ጋደም ብዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጢዝዝዝ ይላል፤ ቀጭን ነው፣ አያቋርጥም። ፍሪጁ መሰለኝና ተነስቼ ነቀልኩት። ድምፁ አለ። ወጥቼ ቆጣሪው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። አሁንም አለ። ባለቤቴን ቀስቅሼ "ይሰማሃል?" አልኩት። "ምኑ?" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የታችኛው ሱቅ ፍሪጅ፣ ብሎኩ በሙሉ ጸጥ አለ። የእኔ ድምፅ ግን ከቅድሙም ጎልቶ ቀጠለ። ከቤቱ ሳይሆን ከራሴ እንደሚመጣ የገባኝ ያኔ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በጨለማ አለቀስኩ።

ሐኪሞች ይህን ነገር ቲኒተስ ይሉታል። እኛ "ጆሮዬ ይጮሃል" ወይም "ጭው ይልብኛል" እንላለን። ከውጭ የሚመጣ ምንም ነገር ሳይኖር ጆሮ ወይም ጭንቅላት ውስጥ ድምፅ መስማት ማለት ነው። ለአንዱ ፉጨት ነው፣ ለሌላው የንብ ቀፎ፣ ለሌላው ሊገነፍል ያለ ጀበና። ቃሉ የላቲን ሲሆን "ማቃጨል" ከሚለው ይመጣል። ከ100 አዋቂዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት አለባቸው ይባላል። እንግዲህ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ሙሉ ሰው ቢቆጠር አንዱ ሳይኖርበት አይቀርም። ብዙዎቹ አይናገሩትም እንጂ።

ቲኒተስ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ የሌላ ነገር ምልክት ነው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ቀንድ አውጣ የመሰለች ትንሽ ክፍል አለች። እሷ ውስጥ 15,000 ገደማ ጸጉር መሰል ሴሎች ተደርድረዋል። የድምፅን ንዝረት ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። ሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ሲሳሱ ወደ አንጎል የሚደርሰው መልእክት ይቀንሳል። አንጎል ደግሞ የጎደለውን ለመስማት ብሎ የራሱን ድምፅ ይከፍታል። ጣቢያ አልይዝ ያለ ሬዲዮ ላይ ድምፅ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሹሹታው ነው የሚጎላው። ተመራማሪዎች በብዛት የሚቀበሉት ማብራሪያ ይህን ይመስላል።

የእኔ መነሻ ብዙም አያከራክርም። ያደግኩት አቃቂ፣ አባቴ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ እህል የምመዝነው እኔ ነበርኩ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የምንግባባው በእጅ ምልክትና በከንፈር ነው። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለገ ቦታው ጆሮ ይጎዳል። ይህን ያኔ የነገረን የለም። ለሥራ ቦታ በብዙ አገር የሚመከረው ወሰን 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ እንዲቀንስ ይመከራል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። ዛሬ ሰፈራችን ባሉ ብረታ ብረት ቤቶች ልጆች ጆሯቸውን ሳይሸፍኑ የብረት በር ሲቆርጡ ሳይ ሆዴ ይባባል። ትልቅ ወጪ የማይጠይቅ የጆሮ መድፈኛ ያድናቸው ነበር።

ሁሉም ግን በጩኸት የሚመጣ አይደለም። ዕድሜ አለ። የጆሮ ኢንፌክሽን አለ። አንዳንዴ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ይሆንና ሲጠረግ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። መድኃኒትም ያመጣዋል፤ በብዛት የተወሰደ አስፕሪን፣ እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መርፌዎች፣ ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን። "ኪኒን" የሚለው ቃላችን ራሱ የመጣው ከዚህ የወባ መድኃኒት ነው። ግን አደራ፣ ጆሮዬ ጮኸ ብላችሁ የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ለሐኪሙ ንገሩት።

ሌላም አደራ አለኝ። ጆሮ ውስጥ ክብሪት፣ ቁልፍ፣ የጸጉር ሽቦ አይገባም። እናቴ ከፍቅሯ የተነሳ ሞቅ ያለ ዘይት ጠብ አድርጋልኝ ነበር። አንዷ ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርት አመጣችልኝ። የጆሮ ታምቡር ተቀዶ ከሆነ እንዲህ ያለው ነገር ጉዳቱን ያባብሰዋል።

መስማት በድንገት፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከቀነሰ ቀጠሮ አይጠበቅም። ዛሬውኑ ሂዱ፤ በቶሎ ከተጀመረ ሕክምና አለው። ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር ድም ድም የሚል ከሆነ፣ ወይም ቤቱ የሚዞር ዓይነት ማዞር ካለውም መታየት አለበት። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይጻፍላችኋል። የምትፈልጉት የአንገት በላይ ሐኪም ነው።

እኔን የጎዳኝ ከድምፁ ይልቅ ፍርሃቱ ነው። "ላብድ ነው እንዴ?" አልኩ። ለማን ይነገራል? አንድ ዘመዴ "ሰው እያማሽ ይሆናል" አለችኝ። ሌላዋ "ክፉ መንፈስ ነው" አለችና አስፈራራችኝ። ጸበሌን እጠመቃለሁ፣ እምነቴ ነው። ሐኪም ጋርም ሄድኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ድምፁ ቃል ይናገር እንደሆነ ነው። ቲኒተስ ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው፤ ፉጨት፣ ጩኸት፣ ሹሹታ። የሚያወራ፣ የሚያዝዝ ድምፅ የሚሰማ ሰው ሌላ ዓይነት ሕክምና ያስፈልገዋል፤ እሱም ሕክምና እንጂ ነውር አይደለም። "አላበድሽም" ሲለኝ ትከሻዬ ላይ የነበረ ኩንታል የወረደ ያህል ቀለለኝ።

በ1953 እ.ኤ.አ. ሄለርና በርግማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች መስማታቸው ደህና የሆነ 80 ሰዎችን አንድ በአንድ ድምፅ የማይገባበት ክፍል ውስጥ አስቀመጡ። 94 በመቶዎቹ የሆነ ድምፅ ሰማን አሉ። ጸጥታው ሙሉ ሲሆን ጤነኛ ጆሮም ይጮሃል ማለት ነው። የእኔም ጉድ የወጣው ከመሀል ከተማ ግርግር ወጥቼ ማታው ጭር ወደሚልበት ዳር ከተማ ስገባ ነው። ድምፁ ምናልባት ከዱሮም ነበረ። የሚሸፍነው ነገር ነው የጠፋው።

ታዲያ አንዱ ሰምቶት ሲተኛ ሌላው ለምን ይሰቃያል? ይህን በጅብ ላስረዳ። እዚህ ስንገባ ማታ ማታ ጅብ ከሜዳው ይጮሃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ልጆቼ አልጋችን ላይ ተደርድረው አደሩ። አሁን ጅቡ ይጮሃል፣ እነሱ ይተኛሉ። ጅቡ ድምፁን አልቀነሰም። አንጎላቸው "ይህ እኛን አይነካንም" ብሎ መዘገበው። ፓዌል ጃስትሬቦፍ የተባለ ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። አንጎል ድምፁን አደጋ ብሎ ከያዘው ስሜትንና ፍርሃትን የሚመሩት ክፍሎች ይነሳሉ። ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ሰው ደግሞ የፈራውን ነገር ያዳምጣል፤ ሲያዳምጠው ይጎላል። በመሣሪያ ሲለካ የብዙ ሰው ቲኒተስ ያ ሰው ሊሰማው ከሚችለው ትንሹ ድምፅ ብዙም ከፍ አይልም። ይህን ስሰማ አላመንኩም ነበር። የእኔ ወፍጮ የሚያክል ነበር የሚመስለኝ።

በሰው መሀል ያለው ችግር ግን ሌላ ነው። ቡና ላይ አስቡት። ሲኒ ይንቀጫቀጫል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ አራት ሰው በአንድ ላይ ያወራል። እኔ ጋ ከዚያ ላይ ፉጨቱ አለ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ምን እንደተባለ ግን አላውቅም። አንዴ ጎረቤታችን ስለ እህቷ ሕመም እያወራች እኔ ፈገግ አልኩ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ከዚያ በኋላ መሄድ ተውኩ። ማኅበር ቀረሁ፣ ለቅሶ ላይ ጥግ ይዤ ቶሎ መውጣት ጀመርኩ። እትዬ፣ ከታች ፎቅ ያሉት፣ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ "አንቺ ልጅ፣ ኮራሽብን እኮ" አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? የማይታይ ሕመም እንዲህ ነው። እጄ ቢሰበር ኖሮ ቤቴ በጠያቂ ይሞላ ነበር።

ቲኒተስን ከሥሩ የሚያጠፋ ኪኒን እስካሁን የለም። አለኝ የሚላችሁ ሰው ገንዘባችሁን እንዳይበላ። የሚረዳ ነገር ግን አለ። ብዙ ጥናት ያለው ከሳይኮሎጂስት ጋር የሚሠራው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ነው። ድምፁን አይቀንሰውም፤ ድምፁ የሚያደርስብህን ጭንቀት ይቀንሳል። መስማታቸው ለቀነሰ ሰዎች የመስሚያ መሣሪያ ለመስማቱም ለቲኒተሱም ያግዛል። ቡና አቁሚ ብለውኝ አቁሜ ነበር፤ ራስ ምታት ብቻ አተረፍኩ። ቡና መተው ቲኒተስን ያሻሽላል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም።

ለእኔ ማታ የሚበጀኝ ሙሉ ጸጥታን አለመፍቀድ ነው። ትንሿን ሬዲዮ ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ። ፉጨቱን እንድትውጠው አይደለም፤ ከጎኑ እንድትሆን ነው። አንጎል ሁለቱን አብሮ ሲሰማ ቀስ በቀስ ልዩነት ማድረግ ይተዋል። ክረምት ከገባ ሬዲዮውም አያስፈልገኝም። የላይኛው ፎቅ ላይ ስለሆንን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንደ ሕፃን እተኛለሁ። መብራት የሚጠፋበትን ቀን አስቤ ባትሪ ድንጋይ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። የባሰባችሁ ካላችሁ፣ በተለይ መኖር ራሱ ያስጠላችሁ ከሆነ፣ ብቻችሁን አትቀመጡ። ዛሬ ለአንድ ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የቤት ሰዎች ደግሞ እባካችሁ "ተይው፣ እርሺው" አትበሉን። በየቀኑ "አሁንም ይጮሃል?" ብላችሁም አትጠይቁ፤ ረስተነው ከነበረ ታስታውሱናላችሁ። ፊት ለፊት ሆናችሁ አውሩን። ተራ በተራ አውሩ።

እትዬን በኋላ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "የእኔም ይጮሃል እኮ፣ ስንት ዓመቱ" አሉኝ። አሁን ቡና ሲጠሩኝ ቴሌቪዥኑን ቀድመው ያጠፋሉ። ግድግዳውን ተደግፌ፣ ሁሉም ከፊቴ እንዲሆን፣ ጥጓን ወንበር ለእኔ ያስቀምጣሉ። ሌላ ሰው ሊቀመጥባት ሲል "እሷ የባለቤቷ ናት" ይላሉ።