ከጥቅሱ በፊትና በኋላ፦ ስለ መጽሐፍ ቅዱስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የያዝናቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

መጽሐፍ ቅዱስን ከልጅነቴ ጀምሮ አነባለሁ። ጥቅስ በቃል ማጥናትም እወዳለሁ። አሁን ዞር ብዬ ሳየው ግን እውነት ነው ብዬ ከያዝኩት ብዙው ከመጽሐፉ የመጣ አልነበረም። አንዳንዱ ከስብከት የተቀነጨበ ነው። አንዳንዱን ሥዕል ላይ አይቼዋለሁ፤ ሌላውን ሰው ሲለው ሰምቻለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን እኔም አምኜባቸው ኖሬያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ምዕራፍና ቁጥር ከመጀመሪያውም ነበረ»

አልነበረም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ይነበባል። ዛሬ የምንጠቀምበት የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የመጣ ሲሆን፣ የሠራውም በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ስቴፈን ላንግተን እንደሆነ ይነገራል። የአዲስ ኪዳንን ቁጥሮች ያስገባው ሮበርት ኤስቲየን የተባለ ፈረንሳዊ አታሚ ነው። በ1551 ባሳተመው የግሪክ አዲስ ኪዳን ላይ ነው የጀመረው።

ቁጥሩ ጠቃሚ ነው። ያለ እሱ አንድ ቃል ፈልጎ ማግኘት ትልቅ ጣጣ ይሆን ነበር። ግን አንዳንዴ ሊለያይ በማይገባው ነገር መሃል ግድግዳ ያቆማል። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 መጨረሻን እንይ። ጴጥሮስ «ነፍሴን ስለ አንተ እሰጣለሁ» ይላል። ጌታ ደግሞ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ እንደሚክደው ይነግረዋል። ምዕራፉ እዚህ ላይ ያልቃል። እኛም መጽሐፉን ዘግተን እንተኛለን። በማግስቱ ምዕራፍ 14ን ስንከፍት «ልባችሁ አይታወክ» የሚለውን እንደ አዲስ ስብከት እናነበዋለን። በሁለቱ መካከል ግን ትንፋሽ መውሰጃ እንኳ የለም። ትክደኛለህ ባለበት አፉ ወዲያው አይዟችሁ አላቸው። ይህን መጀመሪያ ያስተዋልኩ ቀን መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ረጅም ሰዓት ዝም ብዬ ቀረሁ። እንደሚከዳ እያወቀ ነው የሚያጽናናው።

«ኤርምያስ 29፥11 ጉዳዬ ቶሎ እንደሚሳካ የተሰጠኝ ተስፋ ነው»

«ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለውን የማያውቅ የለም። የስልክ ስክሪን ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ የእንኳን ደስ ያለህ ካርድ ላይ አለ። ቃሉ ግን ኤርምያስ በ597 ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች በደብዳቤ የላከው ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ከፍ በሉ። 70 ዓመት ይላል። ያን ደብዳቤ ሲነበብ የሰማ የ40 ዓመት ሰው ቁጭ ብሎ ቢቆጥር፣ አገሩ ሳይገባ እንደሚሞት ይገባዋል። በምዕራፍ 28 ሐናንያ የሚባል ነቢይ «በሁለት ዓመት» ብሎ ነበር። የሐናንያ ስብከት ጆሮ ይጥማል፤ እውነቱ ግን የኤርምያስ ነበር።

ታዲያ ለ70 ዓመት ምን ይሥሩ? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ ይላቸዋል። የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ጸልዩላትም ይላል። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ጥቅሱን ይበልጥ ወደድኩት። ጉዳያቸው ዛሬም ነገም ላልተሳካላቸው ሰዎች የተጻፈ ነውና።

«እግዚአብሔር ከምትችለው በላይ አይሰጥህም»

ይህን እኔ ራሴ ለሰው ተናግሬዋለሁ። ልጇን ለቀበረች ጓደኛዬ። አጠገቧ ተቀምጬ፣ እጇን ይዤ አልኳት። ቀስ ብላ እጇን ሳበች። ምንም አልመለሰችልኝም። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አባባሉ በዚህ መልኩ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። የሚቀርበው 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ነው። እሱም ከዐቅማችሁ በላይ እንድትፈተኑ አይፈቅድም ይላል። ምዕራፉን ከላይ ጀምሮ ላነበበው ግን ነገሩ ስለ ጣዖት፣ ስለ ዝሙትና ስለ ማጉረምረም ነው። ኃጢአት ሲጎትተን መውጫ በር አለ ማለቱ ነው። ስለ ሐዘን አይደለም። ስለ መከራ ሲናገርማ ያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1፥8 ላይ በእስያ የደረሰበት ነገር ከዐቅሙ በላይ እንደነበረና በሕይወት የመኖር ተስፋውን እንኳ እንደቆረጠ በግልጽ ይጽፋል። ዝቅ ብሎ ደግሞ በጸሎት አግዙን ይላል። ከዐቅም በላይ የሆነ ሸክም አለ። ለዚህ ነው ተሸካሚ የሚያስፈልገው። ጓደኛዬ የዚያን ቀን የፈለገችው ትከሻ ነበር፤ እኔ ጥቅስ ያውም የተሳሳተ ሰጠኋት።

«የመጽሐፍ ቅዱስን መጻሕፍት የመረጠው የኒቅያ ጉባኤ ነው»

ይህ ወሬ ብዙ ሰው አሳምኗል። በ325 የተሰበሰቡት ጳጳሳት ዋና ጉዳያቸው አርዮስ ነበር፤ ወልድ ፍጡር ነው ብሎ ያስተምር ነበርና። ከዚያ ሌላ ፋሲካ መቼ ይከበር በሚለው ተነጋገሩ፣ 20 ቀኖናዎችም አወጡ። ከ20ዎቹ አንዱም የመጻሕፍት ዝርዝር አይደለም። ዛሬ ያሉንን 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብቻ ቆጥሮ ተጽፎ የምናገኘው መጀመሪያ በእስክንድርያው ጳጳስ በአትናቴዎስ የ367 የፋሲካ መልእክት ላይ ነው። እሱም አዲስ ነገር አልፈጠረም። ወንጌላቱና የጳውሎስ መልእክቶች ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን በየቤተ ክርስቲያኑ ሲነበቡ ኖረዋል። ደግሞስ አንድ ጉባኤ በአንድ ቀን ወስኖት ቢሆን ኖሮ ፕሮቴስታንቱ 66፣ ካቶሊኩ 73፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ 81 እያለ ይቆጥር ነበር?

«የጥንት ክርስቲያኖች ሁሉ ሳያመነቱ ሰማዕት ሆኑ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችንን ያደከመን ይህ ነው። የእነሱን እምነት ከራሳችን ጋር እያወዳደርን እንሸማቀቃለን።

ስደቱ እውነት ነው። ነገር ግን ለ300 ዓመት ያለ ዕረፍት የቀጠለ አልነበረም። የኔሮን ስደት በሮም ከተማ ነበር። መላውን ግዛት የሚነካ ትእዛዝ የመጣው በ250 ገደማ በሮም ንጉሠ ነገሥት በዳኬዎስ ዘመን ነው። ሰው ሁሉ ለአማልክት ይሠዋ፣ መሠዋቱንም የሚያረጋግጥ ወረቀት ይያዝ ተባለ። ከእነዚያ ወረቀቶች ከ40 በላይ የሚሆኑት በግብፅ ምድር ተገኝተዋል። በአንዱ ላይ የ72 ዓመት ሽማግሌ ተጽፏል። በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው ይላል። ዘወትር እሠዋለሁ፣ አሁንም በፊታችሁ ሠዋሁ ብሎ ያመለክታል። ትእዛዙ ለሁሉም ስለነበር ሰውየው ክርስቲያን ይሁን አይሁን ከወረቀቱ አይታወቅም። ክርስቲያኖችም ግን ያንኑ ወረቀት ለማግኘት ተሰልፈዋል። ብዙዎቹ ሠዉ። ሌሎቹ ሳይሠዉ ወረቀቱን በገንዘብ ገዙ። በሰሜን አፍሪካ የምትገኘው የካርቴጅ ከተማ ጳጳስ ቆጵርያኖስ ራሱ ሸሽቶ ተደበቀ፤ ለዚህም ተወቅሷል።

ስደቱ ጋብ ሲል የካዱት እያለቀሱ ተመለሱ። ምን ይደረጉ? በሮም ኖቫትያኖስ የሚባል ቄስ በሩ ይዘጋባቸው አለ። በ251 በካርቴጅ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ግን ንስሐ ገብተው እንዲመለሱ መንገድ ከፈቱ። ጴጥሮስንም እኮ ጌታ መልሶታል። ተደብቆ የነበረው ቆጵርያኖስ ደግሞ በ258 ሁለተኛው ስደት ሲመጣ አልሸሸም። አንገቱን ተቀላ።

አጫጭሮቹ

ሰብዓ ሰገል ሦስት እንደነበሩ ማቴዎስ አልጻፈም፤ ሦስት የሆነው ስጦታው ነው። አዳምና ሔዋን የበሉት ፍሬ ፖም ነው አይልም። «የክፋት ሁሉ ሥር ገንዘብ ነው» የሚል ቃል የለም፤ የተጻፈው «ገንዘብን መውደድ» ነው። መግደላዊት ማርያም ጋለሞታ ነበረች የሚል ወንጌልም የለም። በሉቃስ ምዕራፍ 7 ያለችው ስሟ ያልተጠቀሰ ሴትና በምዕራፍ 8 የምትመጣው ማርያም የተቀላቀሉት በተለይ የሮም ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ በ591 ከሰበከው ስብከት በኋላ ነው። የትንሣኤውን ዜና ለሐዋርያት ያደረሰች ሴት ይህን ያህል ዘመን በሌላ ስም መጠራቷ ያሳዝነኛል።

«ክርስትና የተስፋፋው በቆስጠንጢኖስ አዋጅ ነው»

የሮም ነገሥታት ቆስጠንጢኖስና ሊኪንዮስ በ313 የሰጡት የማምለክ ነጻነት ነው። ክርስትናን የግዛቱ ሃይማኖት ያደረገው በ380 ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ነው። ከሁለቱም በፊት ግን ሌላ ነገር ሆኗል። በ3ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከባድ ወረርሽኝ ገባ። የእስክንድርያው ጳጳስ ዲዮናስዮስ እንደጻፈው፣ ሌላው ሰው በሽተኛውን መንገድ ላይ እየጣለ ሲሸሽ፣ ክርስቲያኖች ታማሚ ሲያጥቡና ሲያስታምሙ በሽታው እየያዛቸው አብረው ሞቱ። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ክርስትናን የጠላው ንጉሥ ዩልያኖስ ለገላትያ ሊቀ ካህናቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ እነዚህ ገሊላውያን (ክርስቲያኖችን እንዲህ ይጠራቸው ነበር) የራሳቸውን ድሆች አልፈው የእኛንም ይረዳሉ፣ ይህ ለእኛ ውርደት ነው ብሎ ያማርራል። ይህን የመሰከረው ወዳጅ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አልገረምም ነበር።

«በዓመት ካልጨረስኩት አላነበብኩም»

በ66ቱ መጻሕፍት ብንቆጥር 1,189 ምዕራፎች አሉ። በቀን ሦስት ምዕራፍ ከትንሽ በላይ ነው። ማንበብ ከቻላችሁ ደስ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ግን አብዛኞቹ የራሳቸው መጽሐፍ አልነበራቸውም። ራእይ 1፥3 «የሚያነበው» ብሎ አንድ ሰው፣ «የሚሰሙት» ብሎ ብዙ ሰው ይጠራል። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል።

እኔም ዕቅዱን ትቼ አሁን በሳምንት አንድ ማታ ከያቺ ጓደኛዬ ጋር በስልክ አነባለሁ። ይቅርታ ጠይቄያት ነው የጀመርነው። በተራ እናነባለን፤ ብዙ ጊዜ አንድ ምዕራፍ ነው። ባለፈው ዮሐንስ 13 ደረሰን። ተራው የእኔ ነበር። ዶሮው ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መጽሐፉን ልዘጋ ስል፣ «አታቁሚ፣ ቀጥዪ» አለችኝ።