ቫምፕ ምንድን ነው?

ተዋናዩ በሩን ሳበው፤ አልተከፈተም። እንደገና ሳበው። እኛ ከመድረኩ ሥር፣ የኖታ ማንበቢያ አምፖል ብቻ በሚበራበት ጠባብ ቦታ፣ ዘጠኝ ሙዚቀኞች ሆነን ያቺኑ ሁለት ባር (የኖታ ክፍልፋይ) እየደጋገምን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ትንሽ የሰፈር ቴአትር ቤት፣ ክላርኔቴን ይዤ የሙዚቃ ተውኔት ሳጅብ የመጀመሪያዬ ነበር። ኖታው ላይ ሁለቱ ባር በድግግሞሽ ምልክት ታጥረዋል፤ ከላያቸው አንድ ቃል ተጽፏል፦ ቫምፕ።

ቫምፕ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ያልተወሰነ አጭር የሙዚቃ ሐረግ ነው። ተዋናይዋ ልብስ ቀይራ እስክትመለስ፣ ንግግሩ እስኪያልቅ፣ ወይም የተመልካቹ ሳቅ እስኪበርድ ያንኑ እያዞሩ መጠበቅ ነው። ብዙ ጊዜ ከላዩ ንግግር ስላለ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ድምፅ ይቀነሳል። መውጫውን የሚሰጠው የሙዚቃ መሪው ነው፤ እሱም የሚጠብቀው ከተዋናዩ አፍ የሚወጣውን ቃል ነው። ቫምፕ ታናሽ ወንድምም አለው፣ ሴፍቲ የሚባል፤ እሱ ካስፈለገ ይደገማል፣ ካላስፈለገ ይታለፋል።

ጣጣው ያለው አወጣጡ ላይ ነው። አንዳንዱ ቫምፕ በየትኛውም ባር መጨረሻ ያስወጣል፤ አንዳንዱ ግን ሐረጉ ካልተፈጸመ አያስወጣም። በልምምድ ጊዜ ካልተነጋገሩበት ግማሹ ወጥቶ ግማሹ እዚያው ሲሽከረከር ይቀራል። ለእኛ ለትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፦ ማለቂያው ካልታወቀ መቼ ይተነፈሳል? እኔና አጠገቤ የነበረችው ፍሉት ተጫዋች ተራ በተራ እንተነፍስ ነበር።

እኔ ያደግኩት ባንድ ውስጥ ነው፤ አራቴ ድገም ከተባልኩ አራቴ ነው። በልምምዱ ያንን ቫምፕ አራት ጊዜ ስለዞርነው ከጎኑ «4» ብዬ ጻፍኩ። በእርሳስ ነው፤ እንዲህ ያለው ኖታ ብዙውን ጊዜ በኪራይ የሚመጣ ስለሆነ ሲመለስ ጭረቱ ሁሉ መጥፋት አለበት። የመጀመሪያው ምሽት ተመልካች መጣ፣ ሳቀ፣ ሳቁም ረዘመ። እኔ ግን አራቱን ቆጥሬ ብቻዬን ወጣሁ፤ ያውም ጮክ ባለ ዜማ! ከኋላዬ ከበሮ መቺው ጎንበስ ብሎ «ወረቀቱን ተወው፣ የመሪውን እጅ እይ» አለኝ። በእረፍት ሰዓት «4»ን አጥፍቼ በቦታው መነጽር ሳልኩ። ኖታ ላይ መነጽር ከተሳለ «መሪውን ተመልከት» ማለት ነው። የብዙ ተጫዋች ወረቀት በመነጽር የተሞላ መሆኑን ያስተዋልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቃሉ የመጣው ከጫማ ሠሪ ቤት ነው። በእንግሊዝኛ ቫምፕ የጫማ የፊት ቆዳ ነው፤ አሮጌ ጫማ ላይ አዲስ ፊት መስፋትም እንዲሁ ይባል ነበር። ከመጠገን ተነሥቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ «ያለ ኖታ እንዳመጣለት ማጀብ» ወደሚል ትርጉም ተሻገረ። ይህ ይስማማኛል፤ የእኛም ሥራ ቀዳዳ መድፈን ነውና።

አዝማሪ ቤት ለሚያዘወትር ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ይነሣና ግጥሙ ይጠፋበታል። አዝማሪው ማሲንቆውን አያቆምም፤ ያችኑ ዜማ እያመላለሰ ይጠብቀዋል። ግን አዝማሪው እንግዳውን ፊት ለፊት ያየዋል። እኛ መድረኩ ከራሳችን በላይ ነው። የኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር ብሮድዌይ ላይማ ሌላ ክፍል ተቀምጠው መሪያቸውን በስክሪን ብቻ የሚያዩ ሙዚቀኞች አሉ፤ አንድ ትርኢት በሳምንት ስምንት ጊዜ ሲታይ ያው ቫምፕ አንድ ቀን ሁለት ዙር፣ ሌላ ቀን ስድስት ዙር ሊሆን ይችላል።

የዚያን ዕለት በር ከአሥር ዙር በኋላ መቁጠሬን ተውኩ። ከላይ የእግር ኮቴ ይሰማኛል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። ዓይኔ የመሪው እጅ ላይ ነው። ተዋናዩ በሩን አንኳኳና «ውሻው ብቻ ነው መሰለኝ ያለው» አለ፤ ተውኔቱ ውስጥ የሌለ ንግግር ነው። አዳራሹ ሳቀ፣ እሱም ግድግዳውን ዞሮ ገባ። መሪው የተጨበጠ እጁን አነሣ። ዘጠኛችንም አብረን ወጣን።