ስለ ትሮንድሄም ጋዜጦች ፖለቲካ በተለምዶ የሚባለውና እውነታው

የኖርዌይ ጋዜጣ ሲነሳ ሰው የሚለው ይታወቃል። ነፃ ፕሬስ፣ ገለልተኛ ኤዲተር፣ ከፓርቲ ጋር ንክኪ የሌለው። ለዛሬው ብዙም አልተሳሳቱም። ወደኋላ ሲኬድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እስቲ አንዲት ከተማን፣ ትሮንድሄምን ይዘን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«የኖርዌይ ጋዜጦች ድሮም ከፓርቲ ነፃ ነበሩ»

ኧረ በፍጹም! ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ ድረስ አብዛኛው ጋዜጣ የፓርቲ ወገን ነበር። ትሮንድሄም ውስጥ አድሬስአቪሰን ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር፣ «ኒ ቲድ» ደግሞ ከሠራተኛ ፓርቲው ጋር ነበሩ፤ ሊበራሎቹም የራሳቸውን አላጡም። ኒ ቲድ አዲስ ዘመን ማለት ነው፣ ከእኛው አዲስ ዘመን ጋር ግን ዝምድና የለውም። ያኔ አንድ ሰው ፖለቲከኛም ኤዲተርም ቢሆን የሚገረም አልነበረም።

«አድሬስአቪሰን ከጥንት ጀምሮ ወግ አጥባቂ ነው»

ጋዜጣው የተጀመረው በ1767 ነው፣ እስከ ዛሬ ከሚታተሙት የኖርዌይ ጋዜጦች ሁሉ አንጋፋው። በዚያን ጊዜ አገሪቱ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ነበረች፣ ፓርቲ የሚባል ነገርም አልነበረም። ጋዜጣው በንጉሥ ፈቃድ የሚወጣ የማስታወቂያ ወረቀት ነበር። ፖለቲካው ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ ነው።

«የሠራተኛ ፓርቲው ጋዜጦች ሁሌም ለዘብተኛ ነበሩ»

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚጥመው። ዛሬ ይህን ፓርቲ የምናውቀው በከረባትና በበጀት ክርክር ነው፣ ስለዚህ ድሮም እንደዚያ የነበረ ይመስለናል። ኒ ቲድ በ1899 ተመሠረተ፤ በ1913 ማርቲን ትራንሜል ኤዲተር ሆነ። ትራንሜል ከትሮንድሄም አጠገብ ካለችው ከመልሁስ የወጣ ቀለም ቀቢ ነው። በወጣትነቱ አሜሪካ ሄዶ ሠርቷል፣ የዚያን አገር የሠራተኛ እንቅስቃሴም በዓይኑ አይቷል። ኤዲተር ከመሆኑ አንድ ዓመት በፊት ክርስቲያኒያ (የዛሬዋ ኦስሎ) ላይ ያደረገው ንግግር ስሙን በአገሪቱ ሁሉ አስጠራው። የተናገረው ባጭሩ ይህ ነው፦ አድማ ሲመታ፣ ድንጋይ በተቦረቦረበት ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ዲናሚት «ተረስቶ» ቢቀርና የት እንዳለ የሚያውቁት አድመኞቹ ብቻ ቢሆኑ፣ እነሱን ተክቶ ሊሠራ የሚመጣው ሰው ሁለቴ ያስባል። የቀኝ ጋዜጦች ይቺን ነገር ለዓመታት አለቀቋትም።

እንግዲህ ጋዜጣውን የያዘው እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ለዘብተኛውን የፓርቲ አመራር በየጊዜው ይወርፍ ነበር። በ1918 የእሱ ክንፍ ፓርቲውን ተቆጣጠረ፣ በ1919 ደግሞ ፓርቲው ሞስኮ የምትመራው የዓለም ኮሚኒስት ፓርቲዎች ማኅበር፣ የኮሚንተርን አባል ሆነ። ጋዜጣው ባለበት ቆሞ ፓርቲው ወደ እሱ መጣ ማለት ይቻላል።

«ኮሚኒስቶቹ ጋዜጣውን ነጠቁ»

ይሄ ለሚናገረው ወገን ይመቻል፣ ግን ሙሉው ታሪክ አይደለም። ሞስኮ ትእዛዝ ማብዛት ስትጀምር አልታዘዝም ያለው ራሱ ትራንሜል ነበር። በኅዳር 1923 ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ። በትሮንድሄም ጠንካራ የሆነው የሞስኮ ወገን ስለነበር ኒ ቲድ ከአዲሱ ኮሚኒስት ፓርቲ ጋር ሄደ። ትራንሜል ያሳደገው ጋዜጣ የተቀናቃኞቹ ልሳን ሆኖ አረፈው! ሠራተኛ ፓርቲው ባዶ እጁን ቀረና በ1924 «አርባይደር-አቪሳ» የተባለ ሌላ ጋዜጣ ከዜሮ ጀመረ። በሌላዋ የኖርዌይ ከተማ በቤርገንም ያው ነው፤ የፓርቲው ጋዜጣ «አርባይደት» ወደ ኮሚኒስቶቹ ሲሄድ በ1927 ሌላ ተመሠረተ።

«የመንግሥት ድጎማ አፍ ማዘጊያ ነው»

እኛ አገር የለመድነውን አይተን ብንጠረጥር አይፈረድብንም። ኖርዌይ ድጎማውን የጀመረችው በ1969 ነው። ያኔ ሥልጣን ላይ የነበረው የፔር ቦርተን የቀኝና የመሃል ጥምር መንግሥት ነበር። ድጎማው በዋናነት የሚሰጠው በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ላለው ጋዜጣ ነው፤ ሁለተኞቹ ደግሞ በብዛት የሠራተኛ ፓርቲው ነበሩ። ማለትም መንግሥቱ የተቃዋሚውን ጋዜጦች ከመዘጋት አተረፈ። ለዘላለም ግን አይደለም። አርባይደር-አቪሳ ስሙን እየቀያየረ ቢታገልም በ1996 ተዘጋ፣ ከተማዋም ለአድሬስአቪሰን ቀረች።

«ስሙን አይቼ ፖለቲካውን አውቃለሁ»

አይታወቅም። «ሃማር አርባይደርብላ» እስከ ዛሬ የሠራተኛ ጋዜጣ የሚል ስም ይዟል፣ ግን የፓርቲ አይደለም። በባለቤትነት በኩል ደግሞ የበለጠ ተደበላልቋል። የሠራተኛ ፓርቲው ጋዜጦች ኩባንያ የነበረው አ-ፕረሰን በ2011 ኤዳ ሜዲያን ገዛ። ኤዳ ውስጥ እነ ድራመንስ ቲደንደ የመሳሰሉ የቆዩ ወግ አጥባቂ ጋዜጦች ነበሩ። በ2012 ኩባንያው አሜዲያ ተባለ፣ በ2016 ደግሞ አንድ የባንክ ፋውንዴሽን ጠቅልሎ ገዛው። የአያቶቻቸው ጋዜጦች በየቀኑ ሲሰዳደቡ የኖሩ አንባቢዎች ዛሬ ሂሳባቸውን የሚከፍሉት ለአንድ ባለቤት ነው። ባለቤቱ ግን ኤዲተሩን «ይህን ጻፍ፣ ያንን አውጣ» ማለት አይችልም፤ በ2008 የወጣ ሕግ ከልክሎታል።