የመንገድ አቅም ሲባል ምን ማለት ነው? የሃይዌይና የትራፊክ ፍሰት መሰረታዊ ነገሮች

ብዙ ሰው የመንገድ አቅም ሲባል መንገዱ ላይ ስንት መኪና ይችላል፣ ስንት መኪና ይይዛል ብሎ ነው የሚያስበው፣ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ልጆችም ራሳቸው መጀመሪያ ላይ እንደዛ ነው የሚመስላቸው። አቅም ግን የሚለካው በሰዓት ነው። መንገድ ዳር አንድ ቦታ ላይ ቆመህ በፊትህ የሚያልፉትን መኪኖች ብትቆጥር፣ መንገዱም አየሩም ደህና ሆኖ ያ ቦታ በአንድ ሰዓት ሊያሳልፈው የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው አቅሙ። ጢም ብሎ የሞላ መንገድ እኮ አንድም መኪና ላያሳልፍ ይችላል፣ ሁሉም ቆሟላ። ይሄ ልዩነት የገባው ሰው የቀረው ነገር ብዙም አይከብደውም።

መሰረቶቹ ሶስት ናቸው፦ ፍሰት ማለት በሰዓት ስንት መኪና አለፈ፣ ጥግግት ማለት በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ባንዴ ስንት መኪና አለ፣ ከዛ ፍጥነት። ፍሰት እኩል ይሆናል ጥግግት ሲባዛ በፍጥነት፣ በቃ ይሄው ነው። አንድ ሌን ላይ በኪሎ ሜትር 15 መኪና ኖሮ ሁሉም በ100 ቢነዱ በሰዓት 1500 መኪና ያልፋል። እዛው ሌን ላይ በኪሎ ሜትር 100 መኪና ታጭቆ በ15 እያዘገሙ ቢሄዱም ያው 1500 ነው። አንደኛው ላይ ሹፌሩ ዘና ብሎ ይነዳል ሌላኛው ላይ ፍሬን ላይ እግሩ እንደተቀመጠ ነው፣ ቆጣሪው ግን አንድ አይነት ቁጥር ነው የሚጽፈው። ለዚህ ነው መኪና መቁጠር ብቻውን ስለ መንገዱ ጤና ምንም የማይነግርህ፣ ከፍጥነት ወይም ከጥግግት አንዱን አብረህ መለካት አለብህ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፣ አማካይ ፍጥነት ሁለት አይነት ነው። አንድ መኪና በ60 ሌላው በ120 አንድ ኪሎ ሜትር ሄዱ እንበል፣ አማካዩ 90 ነው ትላለህ። ግን የመጀመሪያው 60 ሰከንድ ሁለተኛው 30 ሰከንድ ነው የፈጀባቸው፣ ሁለት ኪሎ ሜትር በ90 ሰከንድ ማለት በሰዓት 80 ነው። እላይ ባለው ቀመር ውስጥ የሚገባው ይሄኛው 80 ነው። ይሄን ልዩነት በደንብ ያብራራው እንግሊዛዊው ጆን ግሌን ዋርድሮፕ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በፍጥነትና በጥግግት መሀል ያለውን ግንኙነት መጀመሪያ በመረጃ ያሳየው ደግሞ ብሩስ ግሪንሺልድስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1930ዎቹ ኦሃዮ ውስጥ መንገድ ዳር ካሜራ ይዞ ተቀምጦ የሚያልፉትን መኪኖች እያነሳ፣ ከፎቶዎቹ ላይ ፍጥነታቸውንና ርቀታቸውን ለካ፣ ከዛ በ1935 ጥግግት ሲጨምር ፍጥነት በቀጥታ መስመር ይቀንሳል የሚል ሞዴል አወጣ። ይሄ መስመር ፍሰቱን ሲያሰሉበት እንደ ጉብታ ይሆናል፣ ከዜሮ ይነሳና ጫፍ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ዜሮ ይገባል፣ ጫፉ አቅሙ ነው። ዘመናዊ ሃይዌይ ላይ ሲለካ ግን መስመሩ ያን ያህል ቀጥ ያለ አይደለም፣ በአንድ ሌን በሰዓት 1000 ምናምን መኪና እስኪደርስ ድረስ ፍጥነቱ ብዙም አይነቃነቅም፣ ከዛ በኋላ ነው መውረድ የሚጀምረው። የጉብታው ሀሳብ ግን እስከዛሬ ድረስ ሁሉም ነገር የቆመበት ነው።

ቁጥሮቹ በብዛት የሚመጡት የአሜሪካው ሃይዌይ ካፓሲቲ ማኑዋል ከሚባለው መመሪያ ነው፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1950 ወጣ። ያኔ ብዙ ሌን ላለው መንገድ አቅሙ በአንድ ሌን በሰዓት 2000 የቤት መኪና ነበር። በ2000 በወጣው እትም ነጻ ፍጥነቱ (መንገዱ ባዶ ሲሆን የሚነዳበት ፍጥነት) 120 ለሆነ ፍሪዌይ፣ ማለትም መብራትና መስቀለኛ ለሌለው ሃይዌይ፣ 2400 ደርሷል። 2400 ማለት በየ1.5 ሰከንዱ አንድ መኪና ማለት ነው፣ እስቲ በዛ ፍጥነት ላይ 1.5 ሰከንድ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች አስቡት። አቅም ላይ ሲደረስ ጥግግቱ በሌን በኪሎ ሜትር 28 ገደማ፣ ፍጥነቱ ደግሞ 85 አካባቢ ነው። መንገዱ ብዙ መኪና የሚያሳልፈው በፍጥነት እየተነዳ ነው ማለት ነው፣ እየተጎተተ አይደለም።

ይሄ ሁሉ ግን ሌኑ 3.6 ሜትር ሆኖ፣ መሬቱ ሜዳ ሆኖ፣ ሁሉም የቤት መኪና ሲሆን ነው። የጭነት መኪና ሲገባ ወደ ቤት መኪና ይመነዘራል፣ በዛው እትም ላይ በሜዳ 1.5፣ ወጣ ገባ በሆነ ቦታ 2.5፣ በተራራማ ቦታ 4.5 ሆኖ ይቆጠራል። ዳገት ላይ አንድ ተሳቢ ቦታ ከመያዙ በላይ ከኋላው የሚያስከትለው ሰልፍ ነው ከባዱ።

ሌላው ነገር፣ የሰዓት ቁጥር ራሱ ያታልላል። አንድ ሰዓት ውስጥ በየ15 ደቂቃው 1000፣ 1200፣ 900 እና 900 መኪና ቢያልፍ ድምሩ 4000 ነው፣ ግን በጣም የበዛበት 15 ደቂቃ ሰዓቱን ሙሉ ቢቀጥል 4800 ይሆን ነበር። 4000 ለ4800 ሲካፈል 0.83 ይመጣል፣ የከፍተኛ ሰዓት መለኪያ የሚባለው ይሄ ነው፣ መንገድ ዲዛይን የሚደረገው ለዛች ለበዛችው 15 ደቂቃ ነው።

የአገልግሎት ደረጃ የሚባለው፣ መንገዱ ለሹፌሩ ምን ያህል እንደሚመች የሚያሳየው ከኤ እስከ ኤፍ ያለው ውጤት የገባው በማኑዋሉ የ1965 እትም ነው። ፍሪዌይ ላይ አሁን የሚለካው በጥግግት ነው፣ በኪሎ ሜትር በሌን እስከ 7 ከሆነ ኤ፣ እስከ 11 ቢ፣ እስከ 16 ሲ፣ እስከ 22 ዲ፣ እስከ 28 ኢ፣ ከዛ በላይ ኤፍ። ትምህርት ቤት የለመድነው ውጤት ስለሚመስል ሁሉም መንገድ ኤ ማምጣት ያለበት ይመስላል፣ በኔ እይታ ይሄ የስሙ ችግር ነው፣ በሰው መውጫና መግቢያ ሰዓት ላይ ኤ የሆነ መንገድ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፍቶ ገንዘብ የፈሰሰበት ሊሆን ይችላል።

መብራት ያለበት መንገድ ሂሳቡ ይለያል፣ ምክንያቱም መንገዱ ያንተ የሚሆነው አረንጓዴ ሲበራ ብቻ ነው። ሰልፉ ያለማቋረጥ ቢለቀቅ አንድ ሌን በሰዓት 1900 ገደማ ያሳልፋል፣ የመብራቱ ሙሉ ዙር (አረንጓዴ በርቶ ተመልሶ እስኪበራ) 90 ሰከንድ ሆኖ 36ቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ግን አቅሙ 760 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ወደ መጨናነቁ። ጀምስ ላይትሂልና ጄራልድ ዊተም በ1955፣ ፖል ሪቻርድስ ደግሞ ለብቻው በ1956 ትራፊክን እንደ ፈሳሽ ወስደው ማዕበል እንደሚሰራ አሳዩ። በሰዓት 1800 መኪና በ90 እየነዳ፣ ማለትም በኪሎ ሜትር 20 ሆኖ እየመጣ ነው እንበል፣ ፊት ለፊት ደግሞ በኪሎ ሜትር 80 ሆኖ በ15 የሚያዘግም ሰልፍ አለ፣ እሱ የሚያሳልፈው 1200 ነው። የፍሰቱን ልዩነት 600ን ለጥግግቱ ልዩነት ለ60 ስታካፍለው 10 ይመጣል፣ የሰልፉ ጭራ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በግማሽ ሰዓት 5 ኪሎ ሜትር። መኪኖቹ ወደ ፊት እየሄዱ መጨናነቁ ወደ ኋላ መሄዱ ነው ሹፌር ሳያስበው ጭራው ላይ ደርሶ የሚጋጭበት አንዱ ምክንያት።

መጨናነቅ እንዲነሳ የግድ አደጋ ወይም የጠበበ መንገድም ላያስፈልግ ይችላል። በ2008 ይፋ በሆነ አንድ የጃፓን ጥናት 22 መኪና 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ ነድተው፣ ምንም መሰናክል ሳይኖር አንዱ ትንሽ ሲቀንስ የኋላው ይበልጥ እየቀነሰ ቆይቶ ሙሉ በሙሉ የሚቆም መኪና ተፈጠረ፣ መቆሙም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ እየተላለፈ ቀጠለ።

ይበልጥ የሚያስቆጨው ግን ሰልፍ አንዴ ከተፈጠረ የመንገዱ አቅም ራሱ መውረዱ ነው፣ ብዙ ቦታ ሲለካ ከ5 እስከ 15 በመቶ ይወርዳል፣ ከሰልፍ የሚወጡ መኪኖች ቶሎ ተነስተው እንደ በፊቱ ተጠጋግተው መሄድ ስለማይችሉ። 10 በመቶ ምንም አይመስልም አይደል? እስቲ በሂሳብ እንየው፣ የጠበበው ቦታ በሰዓት 4000 ያሳልፋል፣ ለአንድ ሰዓት 4500 መጣ፣ ከዛ የሚመጣው ወደ 3000 ወረደ። አቅሙ ባይወርድ 500 መኪና ይሰለፍና በግማሽ ሰዓት ያልቅ ነበር። አቅሙ ወደ 3600 ሲወርድ ግን 900 ይሰለፋል፣ በሰዓት የሚቀነሰው 600 ብቻ ነው፣ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ጊዜው ሶስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ሰልፉ ከመፈጠሩ በፊት መከላከል ከሁሉም ይሻላል፣ የሃይዌይ መግቢያ ላይ መብራት ተክሎ መኪኖችን አንድ አንድ እያሉ ማስገባትም የመጣው ከዚህ ነው፣ ቺካጎ ውስጥ በ1963 ተጀመረ። ሹፌሮች ግን መግቢያው ላይ መቆሙን አይወዱትም፣ ባዶ የሚመስል መንገድ እያዩ ለምን ይቆማሉ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የሚባሉት የአሜሪካ ከተሞች ላይ ቅሬታው በዝቶ በ2000 ከ400 በላይ የሆኑት መብራቶች ለሳምንታት እንዲጠፉ ተደረገና ውጤቱ ተለካ፦ ፍሪዌዩ የሚያሳልፈው መኪና 9 በመቶ ቀነሰ፣ አደጋ 26 በመቶ ጨመረ። መብራቶቹ ተመልሰው በሩ፣ የሹፌሮቹም ቅሬታ ተሰምቶ መግቢያው ላይ የሚጠበቀው ጊዜ ከ4 ደቂቃ እንዳይበልጥ ተወሰነ።