የሚከፈልበት የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ምንድን ነው?

«አሠሪው ላልሠራ ሰው ደመወዝ ሊከፍል ነው፤ ለተተኪው ደግሞ ሌላ ደመወዝ!» አሜሪካ ውስጥ አንድ ከተማ ወይም ግዛት ለወለደ፣ ለታመመ ወይም ቤተሰቡን ለሚያስታምም ሠራተኛ የሚከፈልበት ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ ባረቀቀ ቁጥር ይህች አባባል ትመጣለች። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ በእርግጠኝነት ሲናገራት ሰማሁ። ሥራዬ የደመወዝ ሒሳብ ነው፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩ እድር ነው። ጎረቤት ሲሞትበት ድንኳኑንና ወንበሩን አጠገቡ ያለው ሰው ብቻውን አያቀርብም። ሁሉም በየወሩ ካዋጣው ሳጥን ይወጣል። እዚህም ወላዷ፣ ታማሚው ወይም እናቱን የሚያስታምመው ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው ከጋራ ፈንድ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲን እንይ። የከተማው ምክር ቤት ሕጉን ያጸደቀው በዲሴምበር 2016 ሲሆን ድምፁ 9 ለ 4 ነበር። ክፍያ የተጀመረው ጁላይ 1 ቀን 2020 ነው። ሲጀመር መዋጮው የደመወዝ 0.62 በመቶ ነበር፤ የሚከፍለውም አሠሪው ነው። በዓመት 50,000 ዶላር ለምታገኝ ሠራተኛ ስናሰላው 310 ዶላር ይሆናል፤ በወር 26 ዶላር ገደማ። ሠራተኛዋ ወልዳ ቤት ስትቀመጥ ባለሱቁ የእሷን ደመወዝ መክፈል ያቆማል። በዚያው ገንዘብ ተተኪ ይቀጥራል። ታዲያ ሁለተኛው ደመወዝ የቱ ጋ ነው?

ያው ሰውዬ «እሺ፣ የፈለገ ብቻ ይግባበት» ሲልም ሰማሁት። ይህም ጥሩ ይመስላል። ግን ለቅሶ ሲደርስበት ብቻ የሚመዘገብ አባል ያለበት እድር ስንት ወር ይቆማል? ልጅ የሚጠብቅና ቀዶ ሕክምና የተቀጠረ ብቻ ከገባ ሳጥኑ ወዲያው ባዶ ይሆናል። መዋጮው ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እድር ግን ድንኳን ይተክላል እንጂ የሄደውን ሰው አይተካም። ሦስት ሠራተኛ ያለው ሱቅ ልምድ ያላትን አንዷን ለ12 ሳምንት ሲያጣ በእርግጥ ይጎዳል። ተተኪ መፈለግና ማሠልጠን ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ክርክሩ እዚህ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነውና።

መዋጮው አንዴ ተወስኖ የሚቀር እንዳይመስላችሁ። የዲሲው በ2022 ወደ 0.26 በመቶ ወረደ፤ በጁላይ 2024 ደግሞ ወደ 0.75 ወጣ። ስለዚህ ረቂቅ ስታነቡ መጠኑን ማን መቀየር እንደሚችል፣ የሳጥኑ ገንዘብም ለሌላ ጉዳይ ይወጣ እንደሆነ ፈልጉ። ማን እንደሚያዋጣም እዩ። ካሊፎርኒያ ላይ የሚቆረጠው ከሠራተኛው ደመወዝ ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር ክፍያንና የሥራ ዋስትናን አንድ ማድረግ ነው። የ1993ቱ የፌዴራል ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ውስጥ መስፈርቱን ላሟላ ሰው የ12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። ሥራውን ይጠብቅለታል፤ ሳንቲም ግን አይከፍለውም። የዲሲው ሕግ በተቃራኒው ገንዘብ ይሰጣል። ቦታህ ይጠበቅልሃል የሚለውን ዋስትና የሚሰጠው ግን ሌላ ሕግ ነው። ገንዘቡን እያገኘች ሥራዋን ያጣች ሴት ልትኖር ትችላለች ማለት ነው። ፈቃድ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለቱንም ለየብቻ አጣሩ።

ባልጠየቃችሁኝም ልጨምር። ዲሲ ላይ የሚታየው የምትሠሩበት ቦታ እንጂ የምታድሩበት አይደለም። ከዲሲ ውጭ፣ ለምሳሌ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ ዲሲ ለሚገኝ የግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ይካተታል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ግን አይካተትም፤ ከተማው የፌዴራል መንግሥቱን ግብር ማስከፈል አይችልምና። ዲሲ ውስጥ በግላችሁ የምትሠሩ ደግሞ ራሳችሁ ካልተመዘገባችሁና መዋጮውን ካልከፈላችሁ ሳጥኑ ውስጥ የላችሁበትም። ይህን የሚያውቁት ብዙዎች ከታመሙ በኋላ ነው።